የኳስ ቅብብል ፊዚክስ በአዘዞ ሜዳ

በ2013 ዓ.ም. የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በአሠልጣኝ ሥዩም ከበደ እየተመራ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያነሣ፣ በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ «ዐፄዎቹን» መሆን የማይመኝ ታዳጊ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሆኖም በሠፈር ሜዳዎች ከአሠልጣኝም ሆነ ከተመልካች አፍ አብዝቶ የሚሰማው ትእዛዝ «ሩጥ!» የሚል ነው። «መቼ? ወዴት? በምን ያህል ፍጥነት?» የሚሉት ጥያቄዎች እምብዛም አይነሡም። በዚህ ጽሑፍ የኳስ ቅብብል በፊዚክስ ዓይን ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ በተለይም ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በአዘዞ እንዴት ማሠልጠን እንደሚቻል እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለእኛ ደጋ ነዋሪዎች ተራ አይደለም። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 ከመቶ ገደማ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ አላስፈላጊ ሩጫ ዋጋው ውድ ነው። በአንጻሩ ኳስ ትንፋሽ አያጥራትም። ጎበዝ ሯጭ በሰከንድ 7 ወይም 8 ሜትር ሲሮጥ፣ በአግባቡ የተመታች የመሬት ኳስ በሰከንድ 12 ሜትርና ከዚያ በላይ ትጓዛለች።

ከአሜሪካኖቹ ጨዋታ የምንማረው

የቅብብልን ሐሳብ ከሁሉ አብልጦ በወረቀት ላይ ያሰፈረው ስፖርት በአገራችን ብዙም የማይታወቀው የአሜሪካ እግር ኳስ ሳይሆን አይቀርም። በዚህ ጨዋታ የእንቁላል ቅርጽ ያላትን ኳስ በእጅ ወደ ፊት መወርወር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1906 ነው። ከዚያ ወዲህ አሠልጣኞች እያንዳንዱ ተቀባይ የሚሮጥበትን መሥመር፣ የሚታጠፍበትን ቦታና ጊዜ አስቀድመው መንደፍ ጀመሩ።

ከንድፎቹ አንዱ «ስማሽ» ይባላል። ከዳር ያለው ተቀባይ 5 ሜትር ያህል ሮጦ ቀጥ ይላል፤ ከእርሱ በስተ ውስጥ የተነሣው ጓደኛው ደግሞ 11 ሜትር ያህል ወደ ፊት ሮጦ ወደ ሜዳው ጥግ ይታጠፋል። አንዱ ቅርብ፣ ሌላው ሩቅ ነው፤ በመካከላቸው አንድ ተከላካይ አለ። ወርዋሪው በዚህ ጊዜ ዓይኑን የሚተክለው በተቀባዮቹ ላይ ሳይሆን በዚያ ተከላካይ ላይ ነው። ተከላካዩ ወደ ቅርቡ ከመጣ ኳሷ ወደ ሩቁ ትሄዳለች፤ ወደ ሩቁ ካፈገፈገ ለቅርቡ ትሰጣለች።

እዚህ ላይ የኒውተንን የመጀመሪያ ሕግ እናስታውስ። መንቀሳቀስ የጀመረ አካል ኀይል ካላረፈበት በቀር በጀመረው አቅጣጫ መቀጠል ይፈልጋል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ የተራመደ ተከላካይ ወደ ቀኝ ለመመለስ አስቀድሞ ራሱን ማቆም አለበት። ያ ቅጽበት ለአቀባዩ ይበቃዋል። በእኛው እግር ኳስም ሁለት አጥቂዎች አንድ ተከላካይ ሲገጥማቸው የሚሠራው ይኸው ሕግ ነው።

ተከላካዩ ምን ያህል ይደርሳል?

አሁን ነገሩን በቁጥር እንየው። አቀባዩ ከተቀባዮቹ 10 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። ኳሷ በሰከንድ 12 ሜትር አማካይ ፍጥነት ብትጓዝ ለመድረስ 0.83 ሰከንድ ይበቃታል። ተከላካዩ ግን ኳሷ ከእግር ስትለቅ አይቶ ለመነሣት ብቻ 0.2 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ የሚቀረው 0.63 ሰከንድ ነው። ሽምጠጣው 4 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው ብንል፣ ርቀት የሽምጠጣው ግማሽ በጊዜው ስኩዌር ሲባዛ የሚገኝ ስለሆነ 0.8 ሜትር ያህል ብቻ ይንቀሳቀሳል። እግሩን ሲዘረጋ 1 ሜትር እንጨምርለት፤ በጠቅላላው 1.8 ሜትር ይደርሳል።

ያቺው ኳስ ልል ሆና በሰከንድ 8 ሜትር ብትጓዝስ? ጊዜው 1.25 ሰከንድ ይሆናል፤ ተከላካዩም በዚሁ ስሌት 3.2 ሜትር ይደርሳል። የኳሷ ፍጥነት በሢሶ ሲቀንስ ተከላካዩ የሚሸፍነው ስፋት ወደ እጥፍ ይጠጋል! ብዙ ጊዜ «ተከላካዩ ጎበዝ ነው» የምንለው ኳሷ ስለዘገየች ብቻ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ስሌት ለአሠልጣኝ የሚሆን ግልጽ መመሪያ ይወጣል። ተከላካዩ በሁለቱ ተቀባዮች መካከል ከቆመ፣ ኳሳቸው ልል የሆነ ጀማሪዎች ተቀባዮቹን ቢያንስ በ7 ሜትር ማራራቅ አለባቸው። ምታቸው እየጠነከረ ሲሄድ ርቀቱ ወደ 4 ሜትር ሊጠብብ ይችላል። የታዳጊዎቹ መሻሻል በሜትር ይለካል ማለት ነው።

ለሚሮጥ ሰው ኳስ ማቀበል

ተቀባዩ ቆሞ ሲጠብቅ ዒላማው እግሩ ነው። ሲሮጥ ግን ኳስ መላክ ያለባት ወደፊት ወደሚገኝበት ቦታ ነው። ተቀባዩ በአቀባዩ ፊት በአግድም በሰከንድ 6 ሜትር እየሮጠ፣ ኳሷ በሰከንድ 12 ሜትር ብትጓዝ፣ ከተቀባዩ ምን ያህል ማስቀደም ይገባል? የማስቀደሚያው ማዕዘን ሳይን የሁለቱ ፍጥነቶች ጥምርታ ነው፤ 6 ለ12 ማለትም ግማሽ። ሳይኑ ግማሽ የሆነ ማዕዘን 30 ዲግሪ መሆኑን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

ልብ ማለት የሚገባው ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ ርቀት አለመግባቱ ነው። ተቀባዩ በ10 ሜትርም ይሁን በ20 ሜትር ርቀት ላይ ይሩጥ፣ ፍጥነቶቹ እስካልተለወጡ ድረስ ማዕዘኑ ያው 30 ዲግሪ ነው። በ10 ሜትር ርቀት ይህ ከተቀባዩ 5.8 ሜትር ያህል ማስቀደም ይሆናል። ስለዚህ ታዳጊው ለየርቀቱ የተለየ ልማድ መሸምደድ አይጠበቅበትም፤ አንድ ማዕዘን በሰውነቱ ውስጥ ቢቀረጽ ይበቃዋል።

የአዘዞ አየርና ረጅም ኳስ

ከአዘዞው የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ አውሮፕላን በባሕር ዳርቻ ካለ ማረፊያ ከሚነሣው አቻው ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይሻል። ምክንያቱ የአየሩ እፍግታ ማነስ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፍን የሚያነሣው ኀይል ይቀንሳል። ኳስንም የሚይዛት ኀይል እንዲሁ ይቀንሳል።

በመሬት ላይ በምትንከባለል ኳስ ይህ ብዙም አይታወቅም፤ በዚያ ፍጥነትን የሚወስነው ሣሩና አፈሩ ነው። በአየር ላይ ግን ልዩነቱ ይታያል። በሰከንድ 25 ሜትር ፍጥነት የተመታች ኳስ የ40 ሜትር አግድም ርቀት ስትሸፍን፣ በባሕር ወለል 2 ሰከንድ ፈጅቶባት በሰከንድ 16 ሜትር ያህል ፍጥነት ይዛ ትደርሳለች። የአየሩ እፍግታ በአንድ አምስተኛ ባነሰበት በአዘዞ ግን 1.9 ሰከንድ ገደማ ፈጅቶባት ፍጥነቷ ወደ 18 ሜትር ይጠጋል። የጊዜው ልዩነት ከቁብ የሚገባ ላይመስል ይችላል። ነገር ግን በሰከንድ 7 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያ ጊዜ ከግማሽ ሜትር በላይ ይጓዛል። ኳስን በጫማ ጫፍ ለመንካትና ላለመንካት ይህ በቂ ነው። በሣሣ አየር የተጠማዘዘ ምትም የሚታጠፈው በጥቂቱ ነው።

ነገሩ ቡድኖቻችን ሜዳ ሲቀይሩ ይከብዳል። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን ስታዲየሞች የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መስፈርት ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ በስደት ለማድረግ ተገድዶ ነበር። በሰኔ ወር በአሠልጣኝ ውበቱ አባተ እየተመራ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈውም ከፍታዋ 1000 ሜትር ገደማ በሆነው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ነው። በደጋ ያደገ ተጫዋች ወደ ቆላ ሲወርድ ረጅም ኳሱ «እያጠረ» እንደሚያስቸግረው አስቀድሞ ማወቅና መለማመድ ይኖርበታል።

ያለ ብዙ ወጪ ማሠልጠን

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ኳስ፣ ሦስት ድንጋይ፣ ሜትርና ካሜራ ያለው ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። አንዱ ድንጋይ የአቀባዩ፣ ሁለቱ የተቀባዮቹ ቦታ ይሁኑ፤ ከአቀባዩ ወደ እያንዳንዱ ተቀባይ 10 ሜትር ይለካ። በስልክ ሰዓት መለካት ለእጃችን መዘግየት የተጋለጠ ነው፤ ስለዚህ ምቱን በቪዲዮ መቅረጽና ምስሎቹን መቁጠር ይሻላል። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሣ ከሆነ፣ ኳሷ በ25 ምስል ስትደርስ ፍጥነቷ በሰከንድ 12 ሜትር፣ በ38 ምስል ስትደርስ 8 ሜትር ያህል ነው።

ቅደም ተከተሉም ይጠበቅ። በመጀመሪያ ርቀትን አጠባበቅ፣ ቀጥሎ የኳስን ፍጥነት፣ ከዚያም ለሚሮጥ ሰው ማቀበልን፣ በመጨረሻም ተከላካዩን ማንበብን እናስተምር። አቀባዩ ተከላካዩ የትኛውን እግሩን እንዳነሣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገር፤ ኳሱን የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ማድረግ የቻለ ታዳጊ በጉልበትና በቁመት የሚበልጠውን ተጋጣሚ አይፈራም።

በመማሪያ ክፍል ሽምጠጣንና ሳይንን ለፈተና ብቻ የሚያጠኑ ተማሪዎች አሉ፤ በሜዳ ደግሞ ሲሮጡ ውለው ኳስ ሳይነኩ የሚመለሱ አሉ። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው። የስፖርትና የፊዚክስ መምህራን በሳምንት አንድ ሰዓት በአንድ ሜዳ ቢገናኙ፣ ተማሪው ከሁለቱም ያተርፋል።