መቀመጫው ላይ ያለው ስም የማን ነው?

የስካንዲኔቪያን ጥበባዊ ብርጭቆ የሚሰበስብ ሰው አዲስ ዕቃ እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ገልብጦ መቀመጫውን ማየት ነው። እዚያ በቀጭን ጭረት የተጻፈ የዲዛይነር ስም ካገኘ ፊቱ ይበራል። እኔም ስለ ጉዳዩ ማንበብ ስጀምር ነገሩ በስም የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። በዚህች አጭር ጽሑፍ ስሙ ምን እንደሚነግረንና ምን እንደሚደብቀን ለማየት እሞክራለሁ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የከበረው ያለምክንያት አይደለም። ፊንላንዳዊው ታፒዮ ቪርካላ በ1951 በሚላኑ ትሪየናሌ ኤግዚቢሽን ሦስት ታላላቅ ሽልማቶችን ወሰደ። በ1954 ደግሞ ቲሞ ሳርፓኔቫ ተሸለመ። ሁለቱም የሚሠሩት ለኢታላ ፋብሪካ ነበር። በዴንማርክ ፔር ሉትከን ከ1942 ጀምሮ ለሆልመጎር ፋብሪካ ሠርቷል። ፋብሪካዎቹም ዕቃቸውን በእነዚህ ሰዎች ስም ማስተዋወቁ አዋጣቸው።

ታዲያ ዲዛይነሩ አብዛኛውን ጊዜ ብርጭቆውን አልነፋም። እሱ ይነድፋል፤ ከ1000 ዲግሪ በላይ የጋለውን ብርጭቆ በብረት ቧንቧ ጫፍ ይዞ የሚነፋው፣ የሚያሽከረክረው ዋናው ነፊና ረዳቶቹ ናቸው። ግራል የሚባለውን ስልት እንውሰድ። በስዊድን ኦሬፎርስ ፋብሪካ በ1916 የተጀመረ ነው። መጀመሪያ ባለቀለም ትንሽ ብርጭቆ ይነፋና ይቀዘቅዛል። ሥዕሉ በላዩ ላይ ይቀረጻል ወይም በአሲድ ይበላል። ከዚያ ቀስ ተብሎ እንደገና ይሞቃል፣ ጥርት ባለ ብርጭቆ ይለበጣል፣ እንደገናም ይነፋል። በዚህ ጊዜ ሥዕሉ አብሮ ይለጠጣል። ምን ያህል እንደሚለጠጥ የሚያውቀው ማነው? ነፊው ነዋ! መጻሕፍት ግራልን ሲያነሱ ስሞን ጋቴንና ኤድቫርድ ሃልድን ያስቀድማሉ። ስልቱን እሳቱ ፊት ቆሞ መልክ ያስያዘው ግን ዋናው ነፊ ክኑት በሪክቪስት ነው።

ስሙ ዕድሜንም አይነግርም። የአልቫር አልቶ ባለማዕበል የአበባ ማስቀመጫ በ1936 ለውድድር የተነደፈና በ1937 በፓሪስ የዓለም ኤግዚቢሽን የታየ ነው፤ እስካሁን ግን ይመረታል። አልቶ የሚል ፊርማ ያለበት ማስቀመጫ አምና የተሠራ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሌላ በኩል ናኒ ስቲልና ሄለና ቲኔል ለሪሂማኪ ፋብሪካ ከነደፏቸው ብዙዎቹ ፊርማ የላቸውም፤ የሚታወቁት በፋብሪካው የድሮ ካታሎግ ነው። ፊርማ ደግሞ በትንሽ መሰርሰሪያ ማንም ሊጭረው ይችላል።

ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ መቀመጫው ላይ ያለውን ጭረት አያለሁ፣ ፊደሉን ሳይሆን። ለዓመታት ጠረጴዛ ላይ የኖረ ዕቃ በየአቅጣጫው የተበታተነ ጥቃቅን ጭረት ያወጣል። አርጅቷል ለማስባል በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ከሆነ ጭረቱ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል። ቀጥሎ ከንፈሩን በጣት መዳሰስ ነው። ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ የሚለው የኛ ተረት እዚህም ይሠራል፤ የተሰነጠቀ ወይም የተሸረፈ ዕቃ ዋጋው ይወድቃል። ለዚህም ነው አንዳንድ ነጋዴ የተሸረፈውን ከንፈር ሞርዶ የሚያስተካክለው። ይህን ለመያዝ ቁመቱን ለክቶ ከካታሎጉ ጋር ማስተያየት ነው፤ ካጠረ ተሞርዷል።

አንዳንድ ሥራ ደግሞ ከመጀመሪያው ለፊርማ አይመችም። ሳርፓኔቫ በ1964 ፊንላንዲያ ለተባለው ሥራው ከእንጨት የተቀረጸ ቅርጽ ማውጫ ተጠቀመ። የጋለው ብርጭቆ ሲገባበት እንጨቱ ውስጡ ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ገጽ ብርጭቆው ላይ ይታተማል። የሚቀጥለው ሲነፋ እንጨቱ ተለውጧል። እንግዲህ ከዲዛይነሩና ከነፊው ሌላ እሳቱም የድርሻውን ሠርቷል ማለት ነው።

ይህን ነገር ከሁሉ በፊት የተቃወመው ራሱ ታዋቂ ዲዛይነር መሆኑ ነው የገረመኝ። የኑታያርቪ ፋብሪካው ካይ ፍራንክ በ1960ዎቹ የዕለት ተዕለት ዕቃ በዲዛይነር ስም መሸጥ የለበትም ብሎ ተከራከረ፤ ዕቃው የብዙ ሰው ሥራ ነው ባይ ነው። በ1793 የተቋቋመው ኑታያርቪ በ2014 ተዘጋ። ፍራንክ የነደፈው ካርቲዮ የተባለው መጠጫ ግን አሁንም በኢታላ ስም ይሸጣል። ማስታወቂያው ላይ የፍራንክ ስም አለበት።