የጂያድ የኢንዱስትሪ መንደር

ካርቱም ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ በሚገናኙበት ስፍራ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በስተሰሜን ካርቱም ባሕሪ፣ በስተምዕራብ ኦምዱርማን ሆነው ሦስቱ ከተሞች በድልድዮች ተያይዘው እንደ አንድ ከተማ ይኖራሉ። አብዛኞቹ የሱዳን ፋብሪካዎች የተተከሉትም በዚሁ አካባቢ ነው። ከሰሜን የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ በ1899 መጨረሻ ባሕሪ ደረሰ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1925 የተጠናቀቀው የሴናር ግድብ የገዚራን ሜዳ የጥጥ እርሻ አደረገው። በ1902 የተከፈተውና በ1956 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ለመባል የበቃው ኮሌጅም የተማረ ሰው ያወጣ ነበር። ውሃ፣ መጓጓዣ፣ ጥሬ ዕቃና የተማረ ሰው በተገናኙበት ቦታ ፋብሪካ መከተሉ አያስገርምም።

ይሁን እንጂ እነዚያ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ዘይት የሚጨምቁ፣ ዱቄት የሚፈጩ፣ ሳሙናና ጨርቅ የሚያመርቱ ነበሩ። ማሽናቸው የውጭ አገር ሥራ በመሆኑ አንድ ጥርስ በተሰበረ ቁጥር ምትኩን ከባሕር ማዶ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ይህን ጥገኝነት ለመቀነስ ከታቀዱት ሥራዎች ዋነኛው በጥቅምት 2000 የተመረቀው የጂያድ የኢንዱስትሪ መንደር ነው። ጂያድ በዐረብኛ ምርጥ ፈረሶች ማለት ነው። መንደሩ የሚገኘው ከካርቱም ወደ ወድ መዳኒ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የገዚራ ክፍለ ሀገር እንደጀመረ ነው።

የኢንዱስትሪ መንደር ሲባል ፋብሪካዎች በአንድ አጥር ውስጥ የተሰበሰቡበት ቦታ ማለት ብቻ አይደለም። የአንዱ ውጤት ለሌላው ጥሬ ዕቃ እንዲሆን፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ፣ ውሃውና መንገዱም የጋራ እንዲሆን ታስቦ የሚቋቋም ነው። በጂያድም የብረት፣ የአሉሚኒየም፣ የቧንቧና የመዳብ ሽቦ ፋብሪካዎች ከመኪናና ከትራክተር መገጣጠሚያዎች ጋር ጎን ለጎን ተተከሉ።

መገጣጠም ብዙዎች የሚንቁት ሥራ ነው። ዕቃው በየክፍሉ ተፈትቶ በሣጥን ይመጣል፤ ሠራተኛው ያያይዘዋል፣ ይበይደዋል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ይፈትሸዋል። ንቀቱ ግን ተገቢ አይደለም። ብሎን በተወሰነለት ልክ እንጂ በጉልበት እንደማይጠብቅ የሚማረው በዚህ ሥራ ላይ ነው። አስቸጋሪው ከዚያ የሚቀጥለው ደረጃ ነው። የመኪና ወንበርና ባትሪ በአገር ውስጥ መሥራት ብዙም አያዳግትም። ሞተር ግን ሌላ ነገር ነው። በፒስተንና በሲሊንደር መካከል ያለው ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እንኳ አይሞላም። ይህን ልክ ሳያዛንፉ በሺህ የሚቆጠሩ ሞተሮችን ማውጣት ጥሩ ብረት፣ ትክክለኛ ማሽንና በሥራው ለዓመታት የቆየ ባለሙያ ይጠይቃል። ማሽኑ በገንዘብ ይገዛል፤ ዓመታቱ ግን አይገዙም።

ገንዘቡ ለጥቂት ጊዜ ተገኝቶ ነበር። ሱዳን በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ጀመረች፤ በ2009 ደግሞ 1250 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመረዌ ግድብ ሥራውን ጀመረ። በ2011 ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ ግን ከነዳጁ ሦስት አራተኛ ያህሉ አብሮ ሄደ። የውጭ ምንዛሪ ሲያጥር መጀመሪያ የሚጎዳው ዕቃውን ከውጭ የሚያስመጣ መገጣጠሚያ ነው።

ሌላም ችግር ነበር። የትራክተር ዘንግ የሚቀርጽ ማሽን የጦር መኪና ዘንግም ይቀርጻል። ጂያድ ከሱዳን ጦር ኃይል ጋር የተሳሰረ ድርጅት በመሆኑ፣ በ2007 የአሜሪካ መንግሥት በዳርፉር ጦርነት ምክንያት በስም ጠቅሶ ማዕቀብ ጣለበት። ከ1997 ጀምሮ በአገሪቱ ላይ የቆየው የንግድ እገዳ የተነሣው በ2017 ነው። ለገበሬው የተባለውና ለወታደሩ የተባለው ሥራ በአንድ አጥር ውስጥ ሲካሄድ፣ የአንዱ ዕዳ ለሌላውም መትረፉ አልቀረም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በጦር ሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በካርቱም ተቀሰቀሰ። የባሕሪ የፋብሪካ ሰፈር ተዘረፈ፣ ተቃጠለም። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ፈጥኖ ደራሹ ኃይል ወድ መዳኒን ሲይዝ፣ የጂያድ መንደር የሚገኝበት መንገድ በሙሉ የጦር ቀጠና ሆነ። ባለሙያዎቹም ከሌላው ሕዝብ ጋር ተሰደዱ፤ ከተሰዳጆቹ ብዙዎቹ ወደ ግብፅ፣ ጥቂቶቹም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በካርቱም ጎዳናዎች ደግሞ የተቀበረው የኤሌክትሪክ ገመድ እየተቆፈረ ወጣ። ዘራፊዎቹ ላስቲኩን አቃጥለው መዳቡን በኪሎ ሸጡት።