ሳሙና በገዛ እጃችን፤ ከእንዶድ አረፋ እስከ ባለ ቀለሙ ሳሙና

ከደባርቅ ብርድ ተነሥታችሁ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ስትወርዱ፣ የለበሳችሁት ጋቢ ከብዷችሁ አውልቃችሁ በክንዳችሁ ላይ ስታደርጉት፣ ያን ጊዜ ወደ ዛሪማ ተቃርባችኋል ማለት ነው። በዚህ ቆላ ሙቀትና አቧራ ስለማይታጣ ሳሙና እንደ ጨው በየዕለቱ የሚፈለግ ነገር ነው። ሆኖም ሳሙና ምን እንደ ሆነ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። እኔም የኬሚስትሪ አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጉዳዩን ከጥቁር ሰሌዳ አሳልፌ ወደ ድስት ያወረድሁት ሰው ሲጠይቀኝ ነው።

የጠየቀኝ በመንግሥት ሥራ አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት ነው። እኅቱ ልትዳር ቀን ተቈርጧል፤ የእርሱ ደመወዝ ግን የቤት ኪራይና የምግብ ከተከፈለበት በኋላ ለስጦታ የሚተርፍ አይደለም። በእጅ ስልኩ ላይ እንደ መስተዋት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ በውስጡ አበባ የሚታይበት ሳሙና አሳየኝና «መምህር፣ ይህን እኛስ መሥራት ያቅተናል?» አለኝ። አያቅተንም አልሁት። ነገር ግን «ቈይ፤ አስቀድመህ የማትሠራውን ልንገርህ» ብዬ አስቀመጥሁት።

ምክንያቱም ሳሙና የሚባለው በጠባዩ ቅባትና ብርቱ አልካሊ ተዋግተው ከታረቁ በኋላ የሚገኝ ነገር ነው። ቅባቱ የላም ሞራ ወይም የኑግ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ አልካሊው ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ነው። ሁለቱ ሲዋሐዱ ሳሙናና ግሊሰሪን ይወጣሉ። ይህን የቅባት ምሥጢር በሚገባ የገለጠው ሚሼል ሸቭረል የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ሲሆን፣ መጽሐፉን እ.ኤ.አ. በ1823 አሳተመ። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሳሙና ሠሪዎች የእንጨት አመድ አጥልለው ከሞራ ጋር ሲቀቅሉ ይኖሩ ነበር እንጂ በድስቱ ውስጥ የሚሆነውን አያውቁም ነበር።

ኮስቲክ ሶዳን ግን በቀላሉ አትመልከቱት። ተማሪ ሳለሁ ከመጽሐፍ ያነበብሁትን ለመሞከር ቸኵዬ የተከራየሁበትን ቤት እመቤት ድስት ተዋስሁ። ድስቱ አሉሚኒየም ነበር። ሶዳውን በውሃ በጥብጬ ስገለብጥበት እንደ ተቈጣ ጠላ ገንፍሎ ተነሣ፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘው፤ ፍንጣቂውም በግራ እጄ አንጓ ላይ አረፈ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ድስቱም ጠቍሮ ተበላሸ፤ ዋጋውን በሁለት ወር ከፈልሁ። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሲበላውም በእሳት የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ያወጣል። በአብዛኛው ቤታችን ያለው ድስት ደግሞ አሉሚኒየም መሆኑን ልብ በሉ። ከዚህም በላይ፣ ሶዳውን ወደ ውሃው ቀስ በቀስ መጨመር እንጂ ውሃውን በሶዳው ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ በድንገት ፈልቶ ይረጫልና። በሰው አካል ላይ ካረፈ ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብ ነው፤ ዓይን ከነካ ውሃውን ለረጅም ጊዜ አፍስሶ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። በመጠጥ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥማ ፈጽሞ አይታሰብ!

ወጣቱ ወዳጄ ይህን ሰምቶ ፊቱ ሲጠቍር አይቼ ሳቅሁና ሁለተኛውን መንገድ ነገርሁት።

ከዚያ በፊት ግን እናቶቻችን ከሶዳ ጋር ሳይጣሉ ልብስ ያነጡበት የነበረውን እንዶድን ሳላነሣ ብቀር ነውር ይሆንብኛል። እንዶድ በደጋና በወይና ደጋ በአጥርና በቍጥቋጦ ላይ የሚሳብ ተክል ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል። ነጠላና ጋቢ በእርሱ ሲታጠብ ምን ያህል እንደሚነጣ አያቶቻችንን ጠይቁ። በኬሚስትሪ ሚዛን ግን እንዶድ ሳሙና አይደለም፤ አረፋውን የሚያወጣው በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ነገር ነው። ቅባትም ሶዳም የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ አጠገብ ሰዎች በእንዶድ ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ሲመለከቱ፣ ከማጠቢያው በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣ የቢልሃርዝያን በሽታ ተሸካሚ ስለሆነ ነገሩ ቀላል አልነበረም። ብዙ ሰው በየቀኑ አይቶት የሚያልፈውን እርሳቸው ቆመው ጠየቁት። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ብዙ ዘመን ከደከሙበት በኋላ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እንግዲህ እናንተ ተማሪዎች፣ የልብስ ማጠቢያ ወንዝ እንኳ ላቦራቶሪ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ ታያላችሁ። ቀንድ አውጣውን የሚገድል አረፋ ዓሣንም ይገድላል፤ ዓይንንም ያቃጥላል፤ ስለዚህ እንዶድን ለገላ መታጠቢያ አላዛችሁም።

አሁን ወደ ባለ ቀለሙ ሳሙና እንመለስ። ብርሃን የሚያሳልፍ ሳሙና አዲስ ግኝት አይደለም፤ አንድሩ ፒርስ የተባለ ፀጉር አስተካካይ እ.ኤ.አ. በ1807 በለንደን ይሸጠው ነበር። ሳሙናው እንዲጠራ የሚያደርገው ግሊሰሪን፣ አልኮልና ስኳር በመጠን መጨመሩ ነው። ዛሬ በፋብሪካ ተሠርቶ ያለቀ፣ የሚቀልጥ የግሊሰሪን ሳሙና በጡብ መልክ ይሸጣል። ሶዳው ከቅባቱ ጋር አስቀድሞ ስለ ተዋሐደ የእኔ ዓይነት ጠባሳ አያተርፍም። ለእኛ ከአዲስ አበባ አንድ ወዳጅ አምጥቶልናል።

ግማሽ ኪሎውን እንደ ሥጋ ጥብስ በትንንሹ ከትፉት። ውሃ የያዘ ድስት በቀስተኛ እሳት ላይ ጥዱና ሳሙናውን በሌላ ዕቃ አድርጋችሁ በውሃው ውስጥ አስቀምጡት። በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድ፤ እንዲፈላም አትፍቀዱ። ከፈላ ውሃው ይተንና ሲረጋ እንደ ሙጫ ይሆናል። በኃይል ካማሰላችሁትም አረፋ ይሞላል፤ ስለዚህ በእርጋታ አዋሕዱት። ቀልጦ ሲያልቅ ከእሳት አውጡትና ቀለሙንና ሽታውን ያን ጊዜ ጨምሩ። ለቢጫ ቀለም በቢላ ጫፍ የሚያዝ እርድ ይበቃል፤ ብዙ ካደረጋችሁ ፎጣችሁን ታበላሻላችሁ። የጠጅ ሣር ዘይት ወይም ሌላ የሽቶ ዘይት ከተገኘ ለግማሽ ኪሎ ከ10 ግራም አይለፍ፤ ቈዳ የሚቈጣው ሰው አለና። የተፈጨ ቡና ለእግር ተረከዝ ማሻ ደኅና ነው። አበባ የምትጨምሩ ከሆነ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ ጽጌረዳ በሳምንት ውስጥ ጠውልጎ የበሰበሰ ቅጠል ይመስላል። እኛም የመጀመሪያውን ስድስት ሳሙና ያጣነው በዚሁ ነው።

ለቅርጽ ማውጫ ልዩ ዕቃ አያስፈልግም፤ የቡና ስኒ፣ የእርጎ ዕቃ፣ የተቈረጠ የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ይሆናል። ላዩ ላይ አረፋ ከቀረ የሐኪም ቤት አልኮል እፍ ብላችሁ ብትረጩበት ይጠፋል፤ ግን ከእሳቱ ርቃችሁ! ሁለት ቀለም መደረብ የፈለገ ሰው የመጀመሪያው ላዩ ቈዳ ሲያበጅ ገና ሞቅ እንዳለ ሁለተኛውን ያፍስስበት፤ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ከሆነ ሁለቱ ይላቀቃሉ።

የግሊሰሪኑ ጡብ ያልተገኘለት ሰው ተራውን ነጭ ሳሙና በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቆ፣ ጥቂት ማንኪያ ውሃ ጨምሮ በዚያው መንገድ ያቅልጠው። እንደ መስተዋት አይጠራም፤ እንደ ገንፎ ወፍራም ስለሚሆን በማንኪያ ተጭኖ ወደ ቅርጹ ይገባል፤ ከዚያም ሁለት ሦስት ሳምንት በጥላ መድረቅ አለበት። እኔ በበኩሌ ይህኛውን እወደዋለሁ፤ ለገላም ለኪስም ይስማማል።

ግሊሰሪን ከአየር እርጥበትን ይስባል። በክረምት ሳሙናው እንደ ሰው ላብ ቢያወጣ ተበላሽቶ አይደለም፤ ከቅርጹ እንደ ወጣ በፕላስቲክ አጥብቆ መጠቅለል ነው።

ወጣቱ ወዳጄ አሥራ ሁለት ሳሙና ሠርቶ በነጭ ወረቀት ጠቅልሎ ወደ ሠርጉ ሄደ። ከሠርጉ ሲመለስ ሙሽራይቱ ምን አለች ብለው፣ «ለመታጠቢያ ያሳዝናል ብላ በመደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው» አለኝ። አንዱን ግን የጎረቤት ሕፃን ከረሜላ መስሎት ነክሶት ኖሯል፤ አፉን አጥበው ውሃ አጠጡትና ከማልቀስ በቀር ምንም አልሆነም። ከዚያ ወዲህ ቀይና ብርቱካንማውን በትንሹ ስኒ መሥራት ትተን በትልቁ የእርጎ ዕቃ ብቻ እናፈስሳለን።