መዳብና አመኔታ፦ የዌልስ ቶክኖች ዋጋ ከየት ይመጣል?

የመዳብ የንግድ ቶክን አንድ ኩባንያ ወይም ነጋዴ በራሱ ስም አሳትሞ፣ ላመጣለት ሰው ሁሉ በመደበኛ ገንዘብ እንደሚመነዝር ቃል የገባበት ሳንቲም ነው። በብሪታንያ ታሪክ ሦስት ጊዜ በብዛት ወጥቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1648 እስከ 1672፣ ከ1787 እስከ 1797 ገደማ፣ እንዲሁም ከ1811 እስከ 1817። መንስኤው ሦስቱንም ጊዜ ያው ነበር፤ መንግሥት ለገበያው በቂ ዝርዝር ገንዘብ አላቀረበም። ከዌልስ የወጡት ቶክኖች በዚህ ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አላቸው፤ ሁለተኛውን ማዕበል ያስጀመረው የዌልስ መዳብ ነውና።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የዝርዝር ገንዘብ እጥረቱ እጅግ ተባብሶ ነበር። የንጉሡ ማተሚያ ቤት ትኩረቱ ወርቅና ብር ላይ ስለነበር ከ1775 በኋላ እስከ 1797 ድረስ የመዳብ ሳንቲም ማተሙን ተወ። በዚያው ወቅት ፋብሪካዎችና የማዕድን ቦታዎች ተስፋፉ፤ የሳምንት ደመወዝተኛውም በዛ። ገቢው በሺሊንግና በፔኒ ለሚቆጠር ሠራተኛ የወርቅ ሳንቲም አይከፈለውም። ክፍተቱን የሞሉት አስመስለው የሚያትሙ ሰዎች ነበሩ። በ1787 በተደረገ ምርመራ፣ በገበያ ከሚዘዋወረው የመዳብ ገንዘብ ደህና የሚባለው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም።

መፍትሔው የመጣው በሰሜን ምዕራብ ዌልስ ከምትገኘው ከአንግልሲ ደሴት ነው። ፓሪስ በተባለው የደሴቲቱ ተራራ (ስሙ ከፈረንሳይ ዋና ከተማ ጋር አይገናኝም) መጋቢት 2 ቀን 1768 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ የመዳብ ክምችት ተገኘ። በባለመሬቶቹ መካከል በተነሳው ክርክር ጠበቃ ሆኖ የገባው ቶማስ ዊሊያምስ ቀስ በቀስ የማዕድኑን ሥራ በእጁ አስገባ፤ በ1780ዎቹም የብሪታንያን የመዳብ ንግድ የሚመራ ሰው ሆነ። የባሕር ኃይሉ የጦር መርከቦቹን ታች ከሚቦረቡር ትል ለመጠበቅ በመዳብ ሉህ ማልበሱ ትልቅ ገበያ ፈጥሮለት ነበር። በ1787 የፓሪስ ማይን ኩባንያ የራሱን ፔኒ ማተም ሲጀምር፣ ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈያ ከማግኘቱም በላይ መዳቡን የሚሸጥበት አዲስ መንገድ ከፈተ።

የፔኒው አሠራር ጥራት ዛሬም ይታያል። በአንዱ ገጽ ላይ ራሱን የሸፈነ፣ ጢሙ የረዘመ ድሩይድ፣ ማለትም የጥንት ኬልቶች ካህን፣ በኦክ ቅጠልና ፍሬ ጉንጉን ተከቦ ተቀርጿል። በሌላው ገጽ የኩባንያው ስም መነሻ ፊደላት እርስ በርስ ተጠላልፈው፣ በዙሪያቸው ለያዡ አንድ ፔኒ እንደሚከፈል የሚገልጽ ቃል ሰፍሯል። ጠርዙ ላይ ደግሞ ክፍያው በለንደን፣ በሊቨርፑል ወይም በአንግልሲ እንደሚፈጸም ተጽፏል። የጠርዙ ጽሑፍ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ አስመስሎ ለማተም የሚፈልገውን ሰው ሥራ ያከብድበታል፣ ለያዡም የት ሄዶ እንደሚመነዝር ይነግረዋል።

ቶክኑ አመኔታ ያገኘው በክብደቱ ጭምር ነው። መንግሥት በክብደት አንድ ፓውንድ ከሆነ መዳብ 46 ግማሽ ፔኒ ሲያወጣ፣ ኩባንያው 32 ብቻ ያወጣ ነበር። ስለዚህ የአንግልሲው ግማሽ ፔኒ ወደ 14 ግራም ሲመዝን የመንግሥቱ 10 ግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም። ያም ሆኖ ኩባንያው አልከሰረም። አንድ ቶን መዳብ 35,840 ፔኒ፣ ማለትም 149 ፓውንድ ገደማ የፊት ዋጋ ያለው ገንዘብ ይወጣዋል፤ ይህም ከጥሬው መዳብ ዋጋ እጅግ የላቀ ነበር። ሕዝቡ ከባድና ንጹሕ ሳንቲም አገኘ፤ ኩባንያውም ትርፉን አገኘ። በ1797 የበርሚንግሃሙ ፋብሪካ ባለቤት ማቲው ቦልተን ለመንግሥት ያተማቸው አዳዲስ ፔኒዎችም ልክ እንደ አንግልሲው አንድ አውንስ የሚመዝኑ ነበሩ። በመጨረሻ በ1817 የወጣ ሕግ የግል ቶክኖችን ከገበያ አስወጣ።

ዛሬ እነዚህን ቶክኖች የሚሰበስብ ሰው ሊያስተውለው የሚገባው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ዕድሜ ብቻውን ብርቅ አያደርግም። ኩባንያው 250 ቶን ያህል ፔኒና 50 ቶን ያህል ግማሽ ፔኒ እንዳተመ ይገመታል፤ ይህም ከ12 ሚሊዮን በላይ ሳንቲም ነው። ተራው የድሩይድ ፔኒ ስለዚህ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል። ውድ የሚሆነው ጥቂት ቅጂ ብቻ ከወጣበት ማተሚያ ቅርጽ የመጣው፣ ለሙከራ የታተመው ወይም ምንም ሳያልቅ የቆየው ነው። አንዱን ዓይነት ከሌላው የሚለየው ምልክት ጥቃቅን ነው፤ በጉንጉኑ ላይ ያሉት ፍሬዎች ቁጥር፣ የፊደላቱ አቀማመጥ፣ የጠርዙ ቃል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዌልስ ከተሞች ባለሱቆች ያወጧቸው ትናንሽ ቶክኖች ግን ከመጀመሪያውም በጥቂቱ የታተሙ በመሆናቸው በአጠቃላይ ብርቅ ናቸው።

ፈላጊው መብዛቱ ራሱ አሳሳች አቅርቦት ፈጥሯል። የመሰብሰብ ፍቅሩ በ1790ዎቹ በተጧጧፈበት ጊዜ፣ አንዳንድ አታሚዎች የአንዱን ቶክን ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር እያጋጠሙ ለሰብሳቢ ብቻ የሚሸጥ ብርቅዬ ሠርተዋል። እንዲህ ያለው ሳንቲም ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ገበያ ላይ ዕቃ ተገዝቶበት አያውቅም። ጄምስ ኮንደር በ1798 ያሳተመው ዝርዝር፣ በኋላም ዳልተንና ሀመር ከ1910 እስከ 1918 በክፍል በክፍል ያወጡት ትልቅ መዝገብ ይህን ሁሉ ለመለየት ያገለግላሉ። ዛሬም ሻጭና ገዢ የሚግባቡት በዳልተንና ሀመር ቁጥር ነው።

ገዢ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ቶክኑን ይመዝን፣ ጠርዙን ያንብብ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ያመሳክር። የተፈገፈገና እንዲያብረቀርቅ የተደረገ ቶክን ደግሞ ዘመን ያለበሰውን ቡናማ ገጽታ ስላጣ ዋጋው ይወርዳል፤ የወረደውም አይመለስም። የቶክኑን ዓይነት ሳይለዩ መግዛት ብርቅ በሚል ስም ተራውን በውድ መሸመት ነው።