ለፍቺ የማያስፈልግ ማስረጃ፦ የቤት ውስጥ ጥቃትና የቤተሰብ ጉዳይ ጠበቃ

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነበር፤ ሚስትም በሕጋዊ ነገር ሁሉ የመታዘዝ ግዴታ ነበረባት። የፍቺ ጥያቄ የሚቀርበው ለቤተ ዘመድ ሽማግሌ ዳኞች ሲሆን፣ የምክንያቱ ክብደትም በውጤቱ ላይ ይመዘን ነበር። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህን ለወጠ። ተጋቢዎች በቤተሰብ አስተዳደር እኩል ሆኑ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ፤ ፍቺ ጠያቂው የሌላውን ጥፋት እንዲያስረዳ መገደዱም ቀረ። ለዚህ መሻሻል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ያደረገው ግፊት የሚታወቅ ነው።

እንግዲህ የተደበደበች ሚስት ለመፋታት ድብደባውን ማረጋገጥ አያስፈልጋትም። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ይሁን እንጂ ለጥቃት ተጎጂዎች የሚቆመው ጠበቃ የሚገጥመው ከባዱ ጥያቄ የሚነሣው ከዚሁ እፎይታ ነው፦ ጥቃቱ ለፍቺው የማያስፈልግ ከሆነ በአቤቱታው ውስጥ ይጻፍ ወይስ ይቅር?

ባለጉዳይዋ ብዙውን ጊዜ «ይቅር» ትላለች። ገመናዋ በመዝገብ ላይ እንዲሰፍር አትፈልግም፤ ባሏ ቢታሰር የልጆቿ ቀለብ እንዳይቋረጥ ትሰጋለች። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተመዝግቧል። በዚያው ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ቢያንስ በአንድ ምክንያት ተገቢ ነው ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ወንዶቹ ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው። የደረሰባትን ነገር «ጥቃት» ብሎ መጥራት ራሱ ለብዙ ባለጉዳይ አዲስ መሆኑ አያስደንቅም። ስለዚህ «በመካከላችን ስምምነት ስለጠፋ» የሚል አጭር አቤቱታ ለሁሉም ይቀላል፤ ፍቺውንም ያስገኛል።

የሚያሳጣው ግን ብዙ ነው። በአንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደቀረበለት ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆች አጠባበቅና ስለ ንብረት አስተዳደር ተገቢውን ትእዛዝ ይሰጣል። ከተጋቢዎቹ አንዱ ከጋራ መኖሪያው መውጣት ካለበትም፣ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ ይመለከታል። አንቀጽ 84 ለፍቺው ምክንያት የሆነው ወገን፣ ፍትሕ ሲጠይቅ፣ ካሳ እንዲከፍል ያስችላል። ስለ ልጆች አሳዳጊነት በሚወሰንበትም ጊዜ የወላጆቹ አኗኗር ይታያል። ዳኛው እነዚህን ሁሉ የሚመዝነው መዝገቡ በሚነግረው ልክ ነው። ጥቃቱ ያልተጻፈበት መዝገብ ስለ ሁለት ያልተስማሙ ሰዎች ብቻ ይናገራል፤ ከቤት ማን ይውጣ ለሚለውም ጥያቄ መልስ የለውም።

ይበልጥ አሳሳቢው እርቁ ነው። ሕጉ ፍቺ ከመወሰኑ በፊት ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን እንዲያነጋግር፣ በመረጧቸው ሽማግሌዎች እንዲታረቁ እንዲሞክር፣ ይህ ካልተሳካም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ መስጠት እንዲችል ይደነግጋል። ለተጣሉ ባልና ሚስት መልካም ሐሳብ ነው። ለምትደበደብ ሴት ግን፣ ከመቺዋ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያልፍ ሦስት ወር ማሰላሰያ ሊባል አይችልም፤ በባሏ ፊት ስትጠየቅ «ምንም አልሆንኩም» ብትልም ቃሏ እንደ ስምምነት ሊቆጠር አይገባም። ስለሆነም ጠንቃቃ ጠበቃ ጥቃቱን ከነቀኑ ይጽፋል፤ ባለጉዳይዋ ለብቻዋ እንድትሰማ ይጠይቃል፤ የጊዜያዊ ትእዛዙንም ጥያቄ ለቀጣዩ ቀጠሮ ሳያቆይ ከፍቺው አቤቱታ ጋር በአንድ ቀን ያስገባል።

ጥንቃቄው የሚበረታው፣ በኢትዮጵያ ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ስለሌለ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጉዳትን ከሌላው የአካል ጉዳት ጋር ያስቀጣል። ሆኖም ቀላል የአካል ጉዳት የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ ስለሆነ ክሱ በሽማግሌ ልመና ሊቀር ይችላል። አንቀጽ 620 ደግሞ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ ለሚፈጸመው ብቻ ወስኖታል። በዚህም የተነሣ የጥበቃው ሸክም በአብዛኛው በፍቺው መዝገብ ላይ ይወድቃል። የሐኪም ማስረጃም፣ የወንጀል ክስ ቢቀር እንኳ፣ ሰንበሩ ሳይጠፋ መያዝ አለበት።

የንብረቱ ጉዳይ በንጽጽር ይቀላል፤ ቤቱ በባል ስም ቢመዘገብም የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል።

በሕግ መጻሕፍት ብዙም የማይነሣው ነገር መጥሪያው ነው። ባል ሚስቱ ፍቺ መጠየቋን በእርግጠኝነት የሚያውቀው መጥሪያው ሲደርሰው ነው፤ ከቤት ገና ያልወጣች ሴት በዚያ ምሽት ያለችበትን አደጋ ማንም ሊገምተው ይችላል። ወደ መጠለያ ወይም ወደ ዘመድ የሄደችም ብትሆን፣ በአቤቱታው ራስጌ የሚሰፍረው አድራሻ መደበቂያዋን ያጋልጣል። ስለዚህ መጥሪያና ትእዛዝ በጠበቃው ቢሮ በኩል እንዲደርሳት ይደረጋል፤ አቤቱታው የሚገባበትም ቀን የሚቆረጠው እሷና ልጆቿ የት እንደሚያድሩ ከታወቀ በኋላ ነው።