ለአዲስ ጠመንጃ የአያት ካባ

ያገራችን ሰው ጠመንጃን የሚያውቀው በስም ነው። የፈረንሳዩ «ፉዚል ግራ» እኛ ጋ ሲደርስ ውጅግራ ሆነ፤ የኦስትሪያው ማንሊከር ምንሽር ተባለ፤ ከቤልጅግ የመጣው ደግሞ ባገሩ ስም በልጅግ ተብሎ ቀረ። አሜሪካኖችም በዚህ አይታሙም። የዊንቸስተር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1866 ያወጣውን ጠመንጃ፣ አካሉ ከናስ መሳይ ቢጫ ቅይጥ የተሠራ ስለነበር፣ «ቢጫው ልጅ» ብለው ጠሩት። ዛሬ የማወጋችሁ ይህን አዛውንት ለመምሰል ስለምትለፋ አንዲት ትንሽ የዘመኑ ጠመንጃ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ የድሮ መሣሪያ ፍቅር ያደረባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። በተለይ ካርቢን ይወዳሉ። ካርቢን ማለት ለፈረሰኛ እንዲመች አጠር ተደርጎ የተሠራ ጠመንጃ ነው፤ ረጅሙ ኮርቻ ላይ ሆኖ ለማዞርም ለማጉረስም አይመችም። «ቢጫው ልጅ» የካርቢን ዓይነትም ነበረው፤ አፈሙዙ 20 ኢንች፣ ማለትም 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። የቱርክ ጦር ይህን ጠመንጃ ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1877 ፕሌቭና ላይ ሩሲያውያንን አርግፎበታል። ግን ዛሬ እውነተኛውን ልግዛ ያለ ሰው መጀመሪያ ኪሱን ይዳብስ! ገንዘቡስ ይገኝ፤ ጥይቱ ከየት ይመጣል? ፋብሪካዎች ማምረት ካቆሙ ዘመን አልፏል።

እዚህ ላይ ደስ የሚል ነገር አለ። የዚያ ጠመንጃ ጥይትና ዛሬ «ሃያ ሁለት» የምንላት ትንሿ ጥይት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። በሁለቱም መርፌው የሚመታው የቀለሁን መሃል ሳይሆን ጠርዙን ነው። የሚቀጣጠለው ቅመም በጠርዙ ውስጥ ተጠቅጥቋል፤ መርፌው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ባሩዱ ይነሳል። ጠርዙ እንዲጨፈለቅ ደግሞ ቀለሁ ስስ መሆን አለበት። ስስ ቀለህ ብርቱ ባሩድ አይችልም፤ የተተኮሰውንም እንደገና መሙላት አይቻልም። ስለዚህ ትልልቆቹ የጠርዝ ጥይቶች መሃላቸውን ለሚመቱት ቦታ ለቀው ጠፉ፣ ትንሿ ግን ርካሽና ገር ስለሆነች እስካሁን አለች። «ቢጫው ልጅ» ጠርዙን ሁለት ቦታ ነበር የሚወጋው። ጄኔራል ከስተር ከነወታደሮቹ ባለቀበት በሊትል ቢግሆርን፣ አርኪዮሎጂስቶች ከመቶ ዓመት በኋላ ቀለሆቹን ከመሬት ለቅመው በጠርዛቸው ላይ ባለው የመርፌ ጠባሳ የትኛው ከየትኛው ጠመንጃ እንደወጣ እስከ መለየት ደርሰዋል።

እንግዲህ አድናቂው ከቃታዋ ሥር ባለ ማንሻ እየተጎተተች የምትጎርስ የዘመኑን ሃያ ሁለት ይገዛል። ብዙ ጊዜ የምትመረጠው የሄንሪ ፋብሪካ ሥራ ናት። (የዛሬው ሄንሪ የጥንቱን ስም ያዘ እንጂ ዘሩ አይደለም።) ወርቃማዋ ዓይነት ስትታይ ግማሹ ሥራ ያለቀ ይመስላል፤ ግን አፈሙዟ ባለስምንት ማዕዘን ነው፣ የፈረሰኛው ደግሞ ክብ። ክብ አፈሙዝ ያላት ርካሿ ደግሞ አካሏ ጥቁር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ወርቃማዋን እመርጣለሁ፤ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው ቢጫው ላይ ነው። ብቻ ናስ ነው ብሎ በብርጭቆ ወረቀት የሚፈትጋት ሰው ይደነግጣል። ከውጭ የሚታየው ሽፋን የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ቅቡ ሲለቅ ሥሩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል።

ዋናዋ ጌጥ ቀለበቷ ናት። በግራ ጎን የምትንጠለጠል የብረት ቀለበት። ጌጥ አልኩ እንጂ ለፈረሰኛው ሕይወቱ ነበረች። ሰፊ የቆዳ ማንገቻ ከትከሻው ወደ ጎኑ ያወርዳል፤ ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ቀለበቷን ይይዛል። ሁለት እጁ ለልጓምና ለጎራዴ ነፃ ይሆናል፤ ፈረሱ ቢጥለው እንኳ ጠመንጃው አብሮት ይወድቃል እንጂ ከኮርቻው ጋር አይነጉድም። ዛሬ ይህችን ቀለበት ለመትከል ሽፋኑን በትራፓን መብሳት ያስፈልጋል፤ ችግሩም እዚያ ነው። ብሎኑ ጥቂት ከረዘመ ውስጥ የሚመላለሰውን ብረት ይነካል። ብልሆቹ ሳይበሱ፣ ነባሩ ብሎን ሥር በሚያዝ ቁራጭ ብረት ላይ ይሰኳታል።

ከዚያ እንጨቱ ነው። የዘመኑ ሰደፍ ዋልነት ቢሆንም በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ተለብጦ ፕላስቲክ ይመስላል። ቫርኒሹ ይነሳል፤ በቦታውም እኛ ከጥንት የምናውቀው የተልባ ዘይት ይገባል፤ ፈልቶ የሚሸጠው ዓይነት። በጣት ትንሽ ትንሽ እየተቀባ፣ በመዳፍ እስኪሞቅ እየታሸ፣ ቀን አድሮ እንደገና። ሁለት ሦስት ሳምንት የሚፈጅበት ሰው አለ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማዶ ጥግ ከተጣለ ራሱን በራሱ አግሎ ይቃጠላል። ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር።

የማይነካውም አለ። ቃታው፣ መርፌው፣ ጥይቱ የሚገባበት ክፍል እንደ ፋብሪካው ይቀመጣሉ። የመለያ ቁጥሩን መፋቅ በአሜሪካ የፌዴራል ወንጀል ነው። አፈሙዙን ከ16 ኢንች በታች ማሳጠርም ልዩ ምዝገባ ካልተፈቀደ በቀር ክልክል ነው። ደግነቱ የጥንቱ ካርቢን ራሱ ከዚያ ይረዝማል። በእኛ አገር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መሣሪያ መያዝ ራሱ በፈቃድ ስለሆነ፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ትራፓን እንዳያነሳ አደራ።

እኔን የማይጥመኝ ከዚህ የሚያልፈው ነው። በሰንሰለት እየደበደቡ የውሸት ጠባሳ ማውጣት፣ የጥንት መርማሪዎችን ማኅተም አስመስሎ መቅረጽ። ቀለበቷ ሥራዋን ታስታውሳለች፤ የሐሰት ማኅተም ግን ማንን ነው የሚያስታውሰው? ከሱም የከፋው እውነተኛውን አሮጌ ጠመንጃ «አሳምራለሁ» ብሎ መፈተግ ነው። ሃያ ሁለቷ ላይ ስህተት ቢሠራ አዲስ ሰደፍ ይገዛላታል፤ መቶ ሃምሳ ዓመት የያዘው ወዝ ግን አንዴ ከተፋቀ አይመለስም።

ይህ ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ ሲሸጡ ቆይተዋል። ውጅግራ አለ፣ የጣሊያኑ ቬተርሊ አለ፣ የጣሊያን ፈረሰኛ ይይዘው የነበረው የካርካኖ አጭር ካርቢንም አለ። አንዳንዱ ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር ታስሮ ነው የሄደው። ገዢው ጠፍሩን ፈትቶ፣ እንጨቱን ልጎ፣ ዘይት ቀብቶ «አደስኩት» ሊል ይችላል። የሆነ አባት ሰደፉ ሲሰነጠቅበት እርጥብ ቆዳ ጠቅልሎ፣ ፀሐይ ላይ አድርቆ ያጠነከረው ግን ያ ጠፍር ነው። ፈረንሳዩን ግራ ውጅግራ ያደረገውም እንዲህ ያለ እጅ ነው።

ሃያ ሁለቷን ለሚሠሩት አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ቀለበቷ ታንኳኳለች። በተራመዱ ቁጥር ቃ፣ ቃ እያለች ጥንቸሉን ሁሉ ታባርራለች። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀጭን የቆዳ ክር ቀለበቷ ላይ ጥምጥም አድርጎ ማሰር።