የሞተር ጥገና ተለማማጆችን ስለ ማሠልጠን

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ዕቃ ጭኖ የሚመጣ መኪና በመንገድ ላይ ሞተሩ ቢቆም፣ ጉዳቱ የባለመኪናው ብቻ አይደለም። አስመጪው ለደንበኛው የሰጠው ቀጠሮ ይፈርስበታል፤ ባለሱቁም የሚሸጠውን ያጣል። ብልሽቱም አንዳንድ ጊዜ የሚመነጨው ከመኪናው እርጅና ሳይሆን ቀድሞ ከተደረገለት ጥገና ጉድለት ነው። ስለዚህ የተለማማጅ መካኒኮች አሠለጣጠን ነጋዴውንም የሚመለከት ጉዳይ ነው።

ተለማማጅ ዕቃ በማጠብና መፍቻ በማቀበል ብቻ ከቆየ፣ የሚማረው በዐይኑ ነው። ዐይን ደግሞ እጅ የሚሠራውን ያያል እንጂ ምክንያቱን አያይም። ለምሳሌ ቴስታታ ሲገጠም ቡሎኖቹን ከመካከል ወደ ዳር፣ ደረጃ በደረጃ፣ ፋብሪካው በወሰነው ልክ ማጥበቅ ይገባል። ይህ ያልተነገረው ወጣት በመሰለው ተራ ቢያጠብቅ ቴስታታው እኩል አይቀመጥም፤ ጓርኒሲዮኑም ያፈሳል። ውሃው ከዘይቱ ጋር ሲቀላቀል የዘይቱ መልክ ወተት ይመስላል፤ የማለስለስ ኀይሉም ይደክማል፤ ብሮንዚኖቹም ይበላሉ። በጓርኒሲዮን የተጀመረው ወጪ ሞተሩን በሙሉ በማደስ ይፈጸማል።

መልካም አሠልጣኝ ሦስት ነገሮችን አይዘነጋም። በመጀመሪያ ሥራውን ከነምክንያቱ እየተናገረ ያሳያል። ቀጥሎ ተለማማጁ በፊቱ እንዲሠራ ያደርጋል፤ ሲሳሳትም መፍቻውን ከመንጠቅ ይልቅ ጠይቆ ያርመዋል። በመጨረሻም ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት የተሠራውን ራሱ ይመረምራል።

ብልሽትን ፈልጎ ማግኘትም እንዲሁ በሥርዐት የሚሰጥ ትምህርት ነው። ሞተር ሲግል ተለማማጁ ቴስታታ ለመክፈት አይቸኩል፤ አስቀድሞ ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቅ፤ የጋለ ራዲያተር ክዳን ሲከፈት የፈላው ውሃ ሰው ያቃጥላልና። ከዚያም የውሃውን መጠን፣ ቺንጋውን፣ ቴርሞስታቱንና ራዲያተሩን በተራ ይመርምር። ሳይመረምሩ መለዋወጫ መቀያየር የደንበኛን ገንዘብ ማባከን ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከተለማማጅ ጋር የሚደረገው ውልም የሥልጠናውን ዓይነት፣ የሚቆይበትን ጊዜና የሚከፈለውን ገንዘብ ለይቶ ሲያሳይ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

የነጋዴውም ድርሻ ቀላል አይደለም። መኪናውን ሲያስረክብ የተለማማጁን ሥራ ማን እንደሚመረምር ይጠይቅ፤ ሲረከብም የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ አይቶ የተሠራው በጽሑፍ እንዲሰጠው ያድርግ። ከሁሉም በላይ ጋራዡን ያለልክ አያጣድፍ፤ ለማስተማርና ለመመርመር የሚተርፈውን ጊዜ የሚወስደው የደንበኛው ጥድፊያ ነውና። በጋራዥ ውስጥ የሚታገሡት ጥቂት ሰዓት፣ ጭነት ይዞ በበረሃ ከመቆም ያድናል።